«ሳታለቅስ እንባዋ ይወርዳል»

የጠያቂያችን ደብዳቤ፦

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። የመጀመሪያ ልጄ ናት፤ ሰባተኛ ሳምንቷን ይዛለች። በሦስተኛ ሳምንቷ ግራ ዓይኗ ማንባት ጀመረ። ሳታለቅስ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፤ ጠዋት ስትነቃ ሽፋሽፍቷ በቢጫ ዓይናር ተጣብቆ ዓይኗን መግለጥ ያቅታታል። ጡት በደንብ ትጠባለች፣ ትኩሳት የላትም፣ ዓይኗም አልቀላም። አማቴ አራስ ጥየቃ ከመጡት የአንዱ ሰው ዓይን ነው ይሉኛል፤ ጡትሽን እለቢባት፣ ኩልም እንኳላት ይላሉ። ጎረቤቴ ለልጇ ታዞ የተረፈ የዓይን ጠብታ ሰጠችኝና ሦስት ቀን ጨመርኩላት፤ ዓይናሩ ጠፋ፣ ባቆምኩ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ሌላዋ ጎረቤቴ ትራኮማ ነው ትላለች። ባለቤቴ ደግሞ አዲስ አበባ ወስደን ኦፕራሲዮን እናስደርጋት ይላል። እኔ ነፍሰ ጡር ሳለሁ እናቴ ሞታብኝ ብዙ አልቅሻለሁ፤ ከዚያ ይሆን? ወይስ እንደተወለደች ዓይኗን የቀቧት ቅባት ነው? ልጄ ትታወርብኛለች እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሰማንያዋም እየቀረበ ነው፤ ክርስትናዋን ማቆየት አለብኝ?»

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። የእናትሽንም ነፍስ ይማር። አራስነትና ሐዘን አንድ ቤት ሲገናኙ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ እኔም የመጀመሪያ ልጄን የታቀፍኩት አባቴን በቀበርኩ በሁለተኛው ወር ነበር። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ እንቅልፍ የነሳሽን ጥያቄ ልመልስልሽ። ነፍሰ ጡር ሳለሽ ያፈሰስሽው እንባ ወደ ልጅሽ ዓይን አልተላለፈም። እናት ስላዘነች የልጇ ዓይን አያነባም። ማንም እንዲህ ቢልሽ አትቀበዪው፤ አንቺም ለራስሽ አትንገሪው።

ልጅሽን ሳላያት በደብዳቤ ብቻ «በሽታዋ ይህ ነው» ብዬ አልፈርድም። ዓይኗን የጤና ባለሙያ ማየት አለበት፤ መቼና የት እንደሆነ ኋላ ላይ እነግርሻለሁ። ነገር ግን በሕፃናት ነርስነት ስሠራ በቆየሁባቸው ዓመታት አንቺ የጻፍሽውን የመሰለ ነገር ከብዙ እናቶች አፍ ሰምቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜም የእንባ መውረጃው ቱቦ አለመከፈት ሆኖ ይገኛል። ከደብዳቤሽ ውስጥ ልቤን ያሳረፉት ነገሮች አሉ። ማንባቱ የጀመረው በሦስተኛው ሳምንት ነው እንጂ በተወለደች በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይደለም። የዓይኗ ነጭ እንደነጣ ነው። ትጠባለች፣ ትኩሳትም የላትም።

የእንባን መንገድ ልንገርሽ። እንባ የሚመነጨው ከዓይን በላይ፣ በውጭው በኩል ካለች ትንሽ እጢ ነው። ዓይናችንን በጨፈንን ቁጥር በዓይናችን ላይ ይዳረስና በአፍንጫ በኩል ወዳለው ጥግ ይሰበሰባል። በዚያ ጥግ ላይ በላይኛውም በታችኛውም የዓይን ቆብ ጠርዝ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ አለች። እንባው በእነዚህ ቀዳዳዎች ገብቶ ወደ አንዲት ከረጢት፣ ከከረጢቷም በአጥንት መካከል በሚያልፍ ቱቦ ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ስናለቅስ ንፍጣችን የሚመጣው፣ ዓይናችን ውስጥ መድኃኒት ሲጨመር ጉሮሯችንን የሚመረን ለዚህ ነው። ፅንሱ ማህፀን ውስጥ ሳለ ቱቦው ቀስ በቀስ ይከፈታል፤ መጨረሻ ላይ የሚከፈተው በአፍንጫ በኩል ያለው ጫፉ ነው። ብዙ ሕፃናት ግን እዚያ ጫፍ ላይ ያለው ስስ ሽፋን ሳይከፈት ይወለዳሉ። የጣሪያ አሸንዳ ሲደፈን ዝናቡ በግድግዳው ላይ እንደሚወርደው ሁሉ፣ የልጅሽም እንባ መውረጃ ሲያጣ በጉንጯ ይወርዳል። አሸንዳ ውስጥ የተኛ ውሃ ደግሞ ውሎ አድሮ መበላሸቱ አይቀርም። ከረጢቷ ውስጥ የቆመው እንባም ይወፍራል፣ ተሕዋስያን ይራቡበታል፤ ሌሊቱን ሲወጣ ያድርና ጠዋት ቢጫ ዓይናር ሆኖ ሽፋሽፍቷን ያጣብቀዋል።

እንደተወለደች ለምን አልታየም ትይኝ ይሆናል። አራስ ልጅ ስታለቅስ አስተውለሽ ከሆነ ድምፅ እንጂ እንባ የላትም። የእንባ እጢዋ በደንብ ሥራ የሚጀምረው ከተወለደች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። ቱቦው ከመጀመሪያውም ዝግ ነበር፤ የሚወርድ እንባ ሲመጣ ጊዜ ታወቀ።

ይህ ብርቅ ነገር አይደለም። ከ100 ሕፃናት ቢያንስ አምስቱ ላይ ይታያል፤ አንዳንዶቹ በአንድ፣ ሌሎቹ በሁለቱም ዓይናቸው። ከ10 ሕፃናት ዘጠኙ ያህል ዓመት ሳይሞላቸው ቱቦው በራሱ ጊዜ ይከፈትላቸዋል። እስኪከፈት ድረስም የልጅሽ የማየት ችሎታ አይጎዳም። የምታነባው ዓይኗ ስለታመመ ሳይሆን የእንባው መውረጃ ስለተዘጋ ነው።

የጎረቤትሽ ጠብታ ዓይናሩን አጥፍቶ ተመልሶ የመጣበትም ምክንያት ከዚህ ይገባሻል። ጠብታው ተሕዋስያኑን ለጥቂት ቀን ቀነሳቸው፤ ቱቦውን ግን አይከፍተውም። እንባው እንደገና ሲጠራቀም ዓይናሩም ተመለሰ። አንዳንድ እናቶች እንዲህ እያሉ ስድስትና ሰባት ጠርሙስ ይጨርሳሉ፤ እያንዳንዱ ጠርሙስ የሠራ ስለሚመስላቸው ሌላ ይገዛሉ።

ቱቦውን ለመክፈት የሚረዳው ጣትሽ ነው። በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፍልሻለሁ፤ ምክንያቱም «እሺው» ተብለው የሚላኩ እናቶች አብዛኞቹ የት ላይና እንዴት እንደሚታሽ ማንም በእጅ ስለማያሳያቸው፣ የዓይን ቆቧን ዳብሰው ዳብሰው «ምንም አልረዳትም» ብለው ይተዉታል።

እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፤ ጥፍርሽ ያጠረ ይሁን። ልጅሽን ጭንሽ ላይ አጋድሚያት፤ ጡት እየጠባች ብትሆን ይበልጥ ትረጋጋልሻለች። የትንሿን ጣትሽን ወይም የጠቋሚ ጣትሽን ጫፍ በዓይኗ የውስጥ ጥግና በአፍንጫዋ አጥንት መካከል አሳርፊ። ከረጢቷ እዚያ ናት። የዓይን ኳሷን አትንኪ፤ ጣትሽ የሚያርፈው አጥንቱ ላይ ነው። ከዚያ ጫን አድርገሽ፣ ግፊቱን ሳትለቂ፣ ጣትሽን በአፍንጫዋ ጎን ወደ ታች እስከ አፍንጫዋ ክንፍ ድረስ ሳቢው። ምን ያህል ልጫን ካልሽኝ፣ ጉልት ላይ ቲማቲም መብሰሉን በጣትሽ ስትሞክሪ የምትጫኚውን ያህል። የምትፈልጊው ከረጢቷ ውስጥ ያለው እንባ ወደ ታች ተገፍቶ ያን ስስ ሽፋን እንዲበጥሰው ነው፤ ስለዚህ ላይ ላዩን ማሻሸት ምንም አይሠራም፣ ልጅቷን እስኪያማት መጫንም አያስፈልግም። ከአምስት እስከ አሥር ጊዜ እንዲህ ሳቢና አቁሚ። ይህን በቀን ሦስትና አራት ጊዜ፣ በየቀኑ። መጀመሪያ ስትጫኚ በጥጉ ላይ ዓይናር ብቅ ቢል አትደንግጪ፤ ከከረጢቷ የወጣ ስለሆነ ጥረጊው። ቅቤም ዘይትም መቀባት አያስፈልግሽም።

ይህን አስተሻሸት ክሪግለር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1923 ጽፎ አሳወቀ። ዛሬም፣ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ሐኪሞች ለእናት መጀመሪያ የሚያዟት እሱን ነው። አንድ ሳምንት አሽተሽ ለውጥ ባታይ አትተዪው። አንዳንዱ በወሩ፣ አንዳንዱ በስምንተኛው ወር ነው የሚከፈተው። ሲከፈትም ምንም ድምፅ የለውም። አንድ ቀን ጠዋት ስትነሺ ዓይኗ ደርቆ ታገኚዋለሽ።

ለማጽዳቱ ደግሞ፣ ጠዋት ጠዋት ውሃ አፍልተሽ አቀዝቅዢ፤ ለብ ሲል ንጹሕ ጥጥ ወይም ጎዝ ነክረሽ ጭመቂው። ዓይናሩ ደርቆ ከተጣበቀ በግድ አትላጪው፤ እርጥቡን ጥጥ ለአንድ ደቂቃ ያህል ዓይኗ ላይ አሳርፈሽ ተዪው፣ ራሱ ይለቃል። ከዚያ ከአፍንጫዋ በኩል ወደ ውጭ አንድ ጊዜ ጥረጊና ያን ጥጥ ጣዪው። ለሁለተኛው ጠረጋ ሌላ ጥጥ፤ ለደኅናው ዓይኗም የራሱ ጥጥ። በነጠላሽ ጫፍ፣ በምራቅሽ ባራስሽው ጣትሽ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ፊቱን በሚያብስበት ፎጣ አትጥረጊላት። እኔ ራሴ በነጠላዬ ጫፍ የልጄን ዓይን ስጠርግ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እጄን ያዘችኝ፤ እናት ስትሆኚ ያወቅሽውን ሁሉ ትረሺያለሽ።

አሁን ስለ አማትሽ። እሳቸው የሚሉት ሁሉ ከፍቅር ስለሆነ በክርክር አትጣያቸው። ስለ ሰው ዓይን እኔ ከእሳቸው ጋር አልሟገትም፤ ጸሎታቸውን ይቀጥሉ። ልጅቷ ዓይን ውስጥ የሚገባውን ነገር ግን ለሐኪም ይተዉልን።

ጡት ማለቡ በየቤታችን የኖረ ነው፤ እናቴም ለእኔ አድርጋልኛለች። የእናት ወተት ውስጥ በሽታ የሚከላከል ነገር እንዳለ እውነት ነው፤ ግን ያ ጥቅሙ ልጅሽ ስትጠባው ነው። ዓይን ውስጥ ሲገባ የተደፈነውን ቱቦ አይከፍትም። ወተት ደግሞ ጣፋጭና ሞቃት ስለሆነ ለተሕዋስያን የተመቸ ምግብ ነው፤ ሲደርቅም ሽፋሽፍቷን ይበልጥ ያጣብቀዋል። ኩሉን በተመለከተ ግን ጠንከር ብዬ እምቢ በዪ እልሻለሁ። ብዙ ኩል የሚሠራው እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ካለበት ድንጋይ ነው። ሕፃን ዓይኗን አሽታ ጣቷን ትጠባለች፤ እርሳሱ ወደ ሰውነቷ ገብቶ የሚያድገውን አእምሮዋን ይጎዳል። ቅቤ፣ የዳማከሴ ጭማቂ፣ ከሁሉም በላይ በምላጭ ቅንድብ መብጣት አንዳቸውም እንዳይሞከሩባት።

ለጎረቤትሽም ጠብታዋን መልሺላት። ሦስት ቀን በመጨመርሽ ልጅሽን ጎዳኋት ብለሽ አትጨነቂ፤ ነገር ግን ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቢ። «ዴክሳሜታዞን» ወይም «ፕሬድኒሶሎን» የሚል ካለበት ለሚያያት ባለሙያ ንገሪው። እነዚህ መድኃኒቶች የቀላን ዓይን በአንድ ሁለት ቀን ስለሚያነጡት ሰው ይወዳቸዋል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲቆዩ ግን የዓይን ውስጥ ግፊት ይጨምራሉ፣ አንዳንዱን በሽታም ደብቀው ያባብሱታል። የሌላ ሰው ዓይን የነካ ጠርሙስ ደግሞ ተሕዋስያኑን ይዞ ይመጣል። የተከፈተ የዓይን ጠብታ ከአንድ ወር በኋላ የሚጣል ነው፤ በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ዓመት የሞላውን ስንቱን አይቻለሁ።

እንደተወለደች የቀቧት ቅባት ቴትራሳይክሊን ይባላል። የልጅሽን ዓይን ሊያድናት የገባ እንጂ ያሳመማት አይደለም። እንዲህ ያለው መድኃኒት ዓይኗን ትንሽ ቢያቀላው እንኳ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል፤ በሦስተኛው ሳምንት ለጀመረ ማንባት ተጠያቂ አይሆንም። ለምን እንደሚቀባ ግን ሁሉም እናት ቢያውቀው ደስ ይለኛል። እናት በጨብጥ ወይም በክላሚዲያ፣ ማለትም በግብረ ሥጋ ግንኙነት በሚተላለፉ በሽታዎች፣ ተይዛ ከሆነ፣ ሕፃኑ በማህፀን በር ሲያልፍ ተሕዋስያኑ ዓይኑ ውስጥ ይገባሉ። እናቲቱ አብዛኛውን ጊዜ አታውቀውም፤ ምልክት ላይኖራት ይችላል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ ብዙ ሕፃናት በዚህ ታወሩ። እ.ኤ.አ. በ1880 በጀርመን ላይፕሲግ ከተማ ክሬዴ የተባለ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ሕፃናት እንደተወለዱ ዓይናቸው ውስጥ የብር ናይትሬት ጠብታ ማድረግ ጀመረ፤ ከመቶ ሕፃናት አሥር ያህሉን ይይዝ የነበረው በሽታ እሱ በሚሠራበት ማዋለጃ ከመቶ ከአንድ በታች ወረደ። ብር ናይትሬት ዓይን ስለሚያቃጥል በኋላ ሌሎች መድኃኒቶች ተተኩ፤ ልጅሽ የተቀባችው ከእነሱ አንዱን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልጅ አስታውሳለሁ። እናቱ ቤቷ ነበር የወለደችው፤ ቅባቱን የሚቀባው አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ዓይኖቹ አብጠው መግል ይፈሳቸው ጀመር። ቤተሰቡ «አራስ ከቤት አይወጣም» አለ፤ ጡት አለቡለት፣ ቅቤ አደረጉለት። እኔ ጋ ሲደርሱ ስምንተኛ ቀኑ ነበር። ቆቡን ከፍቼ መግሉን ስጠርገው የግራ ዓይኑ ጥቁር ክፍል ነጭ ሆኖ አገኘሁት። ያ ልጅ ዛሬ የሚያየው በቀኝ ዓይኑ ብቻ ነው። ጨብጥ የሕፃንን ዓይን በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ሊበሳው ይችላል።

ስለዚህ ይህን ዓምድ የምታነቡ እናቶች ሁሉ ቀን ቁጠሩ። በመጀመሪያው ወር፣ ይልቁንም በመጀመሪያው ሳምንት፣ የሕፃን ዓይን ቀልቶ፣ ቆቡ አብጦ፣ እየተጠረገ ቶሎ ቶሎ የሚሞላ መግል ካለው፣ አራስ ነኝ፣ መሽቷል፣ ነገ ይሁን አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። የጨብጡ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን፣ የክላሚዲያው ደግሞ ከአምስተኛው ቀን እስከ ሁለተኛው ሳምንት ይታያል። ቅባት ብቻውን አያድነውም፤ ለጨብጥ መርፌ፣ ለክላሚዲያ በአፍ የሚሰጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ክላሚዲያ ሳይታከም ከቀረ ወደ ሳንባም ይወርዳል። እናትና አባትም አብረው ይታከማሉ፤ ይህ ማንንም የሚያሳፍር ነገር አይደለም፣ የባልና ሚስት መካሰሻም መሆን የለበትም።

ልጅሽ ያን ጊዜ አልፋለች። ከእንግዲህ የምትጠብቂው ሌላ ነው። ከዓይኗ የውስጥ ጥግ ሥር፣ አፍንጫዋ አጠገብ፣ ቀይ፣ ትኩስና ሲነካ የሚያስለቅሳት እብጠት ከወጣ ከረጢቷ መግል ቋጥራለች ማለት ነው፤ በዚያው ቀን ሐኪም ያያታል፣ ማሸቱንም ታቆሚያለሽ። የዓይኗ ነጭ ከቀላ፣ ቆቧ ካበጠ፣ ትኩሳት ከያዛት ወይም መጥባት ካቆመች፣ በዓይኗ ዙሪያ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ሽፍታዎች ከወጡ እንዲሁ ነው።

አንድ ሌላ በሽታ ደግሞ አለ፤ ጥቂት ሕፃናትን ቢይዝም ከእንባ ቱቦ ጋር ስለሚምታታ ሳልነግርሽ አላልፍም። ከውልደት የሚመጣ ግላኮማ፣ ማለትም የዓይን ውስጥ ግፊት የሚጨምርበት በሽታ ነው። እሱም ያስነባል፤ ዓይናር ግን ብዙም የለውም። ልጅቷ ብርሃን ስታይ ዓይኗን ጭምቅ አድርጋ ትጨፍናለች፣ ፊቷን ደረትሽ ውስጥ ትደብቃለች። የዓይኗ ጥቁር ክፍል ጉም የለበሰ ይመስላል፣ ከሌላው ዓይኗም ይተልቃል። ሁለቱንም ከያዘ ሰው ሁሉ «ዓይኖቿ እንዴት ትልልቅ ናቸው፣ ታምራለች» ይላል፤ እናትም ደስ ይላታል፤ በዚህ መሀል የዓይን ነርቯ ይሞታል። ልጅሽን ዛሬውኑ በር አጠገብ በብርሃን ያዢያትና ሁለቱን ዓይኖቿን አስተያዪ። መጠናቸው እኩል፣ ጥቁሩ ጥርት ያለና የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ ብርሃኑንም ካልሸሸችው ደስ ይበልሽ። በመሀል ያለው ብሌኗ ነጭ ሆኖ ከታየሽ ግን ማንባት ቢኖርም ባይኖርም ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ሐኪም።

ትራኮማ ነው ላለችሽ ጎረቤትሽ፣ ስጋቷ ከአየር አልመጣም፤ ከዓለም ሁሉ ትራኮማ የከበደባት ሀገር የእኛዋ ናት፣ ከክልሎችም የአማራ ክልል ዋነኛው ነው። ሆኖም ትራኮማ የሚያሳውረው ለዓመታት እየደጋገመ ሲይዝ ነው እንጂ በሰባት ሳምንት ሕፃን አንድ ዓይን ላይ እንዲህ አይጀምርም። ከእሱ የምትጠብቂያት ፊቷን ንጹሕ በማድረግ፣ ዝንብ እንዳያርፍባት በመከላከልና ፎጣዋን በመለየት ነው፤ ይህን አሁን የምታደርጊው ሁሉ ለዚያም ይሆናታል። የትራኮማ መድኃኒት እደላ ወደ ሰፈራችሁ ቢመጣም፣ ስድስት ወር ላልሞላቸው ሕፃናት የሚሰጠው የሚዋጠው መድኃኒት ሳይሆን የዓይን ቅባት መሆኑን እወቂ።

የደብረ ብርሃን ብርድና ነፋስም የራሱ ድርሻ አለው። ከተማችሁ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ንፋስ የነካው ዓይን ይበልጥ ያነባል፣ ጉንፋንም ሲይዛት አፍንጫዋ ስለሚያብጥ ቱቦው የባሰ ይጠባል። በእነዚያ ቀናት እንባው ቢጨምር በሽታው ጠናባት አትበዪ። የቤቱ ጭስ ግን በእጅሽ ያለ ነገር ነው። አራስ ቤት እጣን ይጨሳል፣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ቡና ይቆላል፤ እንግዳውም በሩን ዝጉት ይላል። ቡናው በሌላ ክፍል ይፈላ። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ለዓይኗ ብቻ ሳይሆን ለነፍሳችሁም አደገኛ ነው።

ባለቤትሽ አዲስ አበባ እንውሰዳት ያለው ከጭንቀት ነው፤ ልጁን የሚወድ አባት በመሆኑ አመሰግነዋለሁ። ለአሁኑ ግን መንገዱ አያስፈልጋችሁም። የስድስት ሳምንት ክትባቷን ወስዳ ከሆነ ቀጣዩ በአሥር ሳምንቷ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሳትጠብቂ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ውሰጂያትና ዓይኗን አሳዪ። ጥርጣሬ ካለ ከተማችሁ ውስጥ ወዳለው ሆስፒታል ይልኳችኋል። በየክትባት ቀጠሮዋም ዓይኗን እንዲያዩላት ጠይቂ፤ ካልጠየቅሽ ክንዷንና ጭኗን ብቻ አይተው ይሸኙሻል። በዘጠኝ ወሯ ክትባት ጊዜም እያነባች ከሆነ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ መያዝ ትጀምራላችሁ። ዓመት ሞልቷት ካልተከፈተ ሐኪሙ ቀጭን ሽቦ በዚያች በጥጉ ባለችው ቀዳዳ አስገብቶ ሽፋኑን ይበጥሰዋል። ብዙ ጊዜ ሕፃኗ በማደንዘዣ ተኝታ የሚሠራ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ቢላዋም ስፌትም የለውም፣ አብዛኞቹም በአንድ ጊዜ ይድናሉ። አዲስ አበባ መሄድ ያን ጊዜ ካስፈለጋችሁ ለዓይን ሕክምና የቆየ ስም ያለው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አለ። በሰባት ሳምንቷ ግን በራሱ ሊከፈት ያለውን ቱቦ ለማስከፈት ማደንዘዣ ውስጥ ማስገባት አያስፈልግም።

ክርስትናዋን አታቆዪው። ዓይኗ በጥምቀቱ ውሃ አይጎዳም፤ ቱቦው መዘጋቱም ወደ ሌላ ልጅ የሚተላለፍ ነገር አይደለም። በዚያን ቀን ሌሊት ተነስተሽ ስታዘጋጃት ውሃሽን አስቀድመሽ አፍልተሽ አቀዝቅዢ፣ ዓይናሯን ጥረጊላት፣ ከቤት ሳትወጡ አሺያት። ከጥምቀቱ በኋላ ፊቷን በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ አድርቂና ከነፋሱ ሸፍኚያት። እንግዶች ሲመጡ የሚስሟት በእግሯ ይሁን፤ ለአማትሽ ንገሪያቸው፣ እሳቸው ያስከብሩልሻል። ከጤና ጣቢያ ስትመለሺ ያሉሽን ጻፊልኝ።